«ዘረፍሁት» ያለኝ እንግዳ

ሬዲዮ ጣቢያው ሥራ የገባሁት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት እዚሁ ላሊበላ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እንግዳው ሲጠፋ ሆቴሉ በሩን ዘጋ፣ ተቀባይዋም ቤቷ ተቀመጠች። ጣቢያው ሪፖርተር ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። የተቀጠርኩትም ሰው ማናገር ስለምችል እንጂ ጋዜጠኝነት ተምሬ አይደለም።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ይልማ ይባላሉ። ከትልቅ ከተማ የመጡ፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ ቆመው የሚያወሩ ሰው ናቸው። መቅረጸ ድምፅ፣ ስፖንጅ የለበሰ ማይክና አንድ ጆሮው ብቻ የሚሠራ ማዳመጫ ሰጡኝ። የሥራ መደቤ «ጀማሪ ሪፖርተር» ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ሙሉ በሙሉ በእኔ ላይ ወደቀ።

«ፕሮግራሙ አመንጪዎች ይባላል» አሉኝ። «አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰው። በቴክኖሎጂ፣ በንግድ፣ በፈጠራ ሥራ ከራሳቸው አዲስ ሐሳብ ያመነጩ ሰዎችን ታመጫለሽ። እንደ ዜና እየሮጥሽ አይደለም፤ ጠልቀሽ ትጠይቂያለሽ።»

«በምን አውቃቸዋለሁ?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ያሰብኩት ይላሉ። በዚያ ታውቂያቸዋለሽ።»

አልገባኝም። ግን የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ የገባው ሰው እንደሚያደርገው ራሴን ነቀነቅኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰፈራችን ወዳለው ሱቅ ገብቼ ባለሱቁን «አመንጪ የምታውቀው አለ?» አልኩት። «አለ እንጂ» አለኝ፤ «ላይኛው ሆቴል ዘንድ አለ። ብቻ ናፍጣ ይዘሽ ነው የምትሄጂ።» ጄኔሬተር የምፈልግ መስሎታል። እኔም የምፈልገውን በደንብ ስለማላውቀው ላርመው አልቻልኩም።

ለመጀመሪያው ፕሮግራም ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ገዳም ወጣሁ። እዚያ ሥዕል የሚሥሉ አንድ መነኩሴ እንዳሉ ሰምቼ ነበርና በፈጠራው በኩል ልጀምር ብዬ ነው። ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ወጥቼ፣ መስቀል ተሳልሜ፣ ማይኩን አቀረብኩና «አባ፣ በሥዕልዎ ውስጥ አዲስ ያመጡት ነገር ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «አዲስ? ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ኧረ አባ፣ ለማመስገን ነው።»

«ይህ ምስጋና አይደለም። የእመቤታችንን እጅ ከራሴ አምጥቼ በሌላ መልክ ብሥል፣ ማንን ሣልሁ ልልሽ ነው? የምሥለው የቀደሙት የሣሉትን ነው። አዲስ ነገር የሚሻ ሰው ገበያ ይውረድ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቀለም አጨዋወቱኝ፤ ደስ የሚል ጨዋታ ነበር። «እኔ» የሚል ቃል ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከአፋቸው አልወጣም። አቶ ይልማ ካዳመጡት በኋላ «እኚህ ሰው ምንም አላመነጩም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መነኩሴውም ያሉት ይህንኑ ነው።

የመነኩሴውን ምክር ሰምቼ ገበያ ወረድኩ። ጋሸና ላይ፣ መንገዱ ወደ ላሊበላ ከሚታጠፍበት አጠገብ፣ እትዬ ዘምዘም የሚባሉ ሴት ምግብ ቤት አላቸው። ቤታቸው ሥጋ አይሠራም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች ብቻ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ሥጋ ከሠራሁ ግማሹ ሾፌር ባራኪው ማነው ብሎ ይሄድብኛል። ሽሮን ማን ይባርካታል?» አሉኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ገበታ ይበላል።

ከዚህ በላይ የገረመኝ ደግሞ ጥሩምባው ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች ከከተማዋ ዳር ካለው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ በሰው ልክ ጥሩምባ ይነፋሉ። ሦስት ጊዜ ከነፋ ሦስት ሰው ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ከጨመረበት የሚቋጠር ምግብ አለ ማለት ነው። መኪናው ቆሞ ሰዎቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ምግቡ ገበታ ላይ ነው።

ማይኩን አስጠጋሁ። «ይህን ያመነጩት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ በአላህ! እኔ መች ጥሩምባ አለኝና? ሾፌሮቹ ናቸው እንጂ።»

ሾፌሮቹን ጠየቅኳቸው። «እኛማ ድሮም እንነፋ ነበር» አሉ፤ «ቁጥሩን መስማት የጀመረች እሷ ናት።» ወደ እትዬ ዘምዘም ተመለስኩ። «እኔማ ዝም ብዬ ነው የሰማሁ» አሉኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስመላለስ ቀኑ መሸ።

አቶ ይልማ «ታዲያ ሐሳቡ የማን ሆነ?» አሉኝ።

«አላወቅኩም።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ አውርተሽ?»

ፕሮግራሙ ተላለፈ፤ አድማጭ ወደደው። ኃላፊዬ ግን አልወደዱትም። «የሚቀጥለው እንግዳ በገዛ አፉ እኔ ነኝ የማይል ከሆነ ሰዓቱን ለሙዚቃ እሰጠዋለሁ» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ አልቀለዱም።

ደጀኔን ያገኘሁት በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው። ላሊበላ ላይ ከገበያው በታች ብየዳ ቤት ያለው፣ ዝም የሚል ሰው ነበር። በልጅነቱ ብዙ ዓመት ቅኔ ተምሯል፤ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ ብየዳ ገባ። አሁን አንድ መውቂያ ሠርቷል ብለው ነው የነገሩኝ። ከላሊበላ ወጣ ብላ ወዳለችው ብልባላ ወስዶ ለሙከራ ጥቂት ነዶ ወቅቶበታል፤ ገበሬዎቹም ለዘንድሮው ገብስ እንዲያመጣላቸው ቀጥረውታል።

መውቂያው ብየዳ ቤቱ መሐል ቆሟል። ባለ ጥርስ ከበሮ፣ የአንጎላሬ ብረት እግር፣ አንድ አሮጌ ሞተር፣ ሞተሩን ከከበሮው የሚያገናኝ ቺንጋ የሚሉት ቀበቶና ቀበቶው የሚዞርበት ፑሌጃ። ማይኩን ከፈትኩ።

«ትልቁ መውቂያ ብልባላ አይወጣም» አለኝ። «መንገዱ አያሳልፈውም። በሬው ደግሞ ከጦርነቱ ወዲህ ጥቂት ነው የቀረ። እኔ ቀድሜ ያሰብሁት መውቂያውን አይደለም፣ አህያዋን ነው።»

«አህያዋን?»

«አህያ ግራና ቀኟ እኩል ካልሆነ ጭነቷን ትጥላለች። ስለዚህ ተፈቶ ሁለት እኩል ወገን የሚሆን መውቂያ ምን ይመስላል ብዬ ተነሣሁ። ይሄ ወገን ከበሮው ነው። ያ ወገን ሞተሩና እግሮቹ ናቸው። ሚዛናቸው እኩል ነው። ለአንድ አህያ ነው የተሠራ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁሉም ሰው ማሽን ሠርቶ መጫኛ ይፈልጋል፤ ይህ ሰው ግን ከመጫኛው ተነሥቶ ማሽን ላይ ደረሰ። «ሐሳቡ ታዲያ ከየት መጣ?» አልኩት።

ያ ዝምተኛ ፊት በራ። «ዘረፍሁት!» አለ። «ብልባላ መንገድ ላይ፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ሙሉውን እዚያው ዘረፍሁት። ብቻዬን!»

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ያደግኩት ከካህናት ቤት ነው። በቅኔ ቤት፣ ከራሱ አእምሮ አዲስ ቅኔ አፍልቆ ያወረደ ሰው «ዘረፈ» ይባላል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ በየጊዜው አዲስ ያስፈልጋል። አባቴ ከክብረ በዓል ሲመለሱ «ዛሬስ እነ እገሌ ዘረፉ!» ሲሉ እኛ ልጆቹ አብረን እንደሰት ነበር። ስለዚህ ደጀኔ «ዘረፍሁት» ሲለኝ የሰማሁት ሙያውን ነው። ቀጥዬ ወደ ቺንጋው ጥያቄ አለፍኩ።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሠዓሊው አዲስ ነገር ቢጨምር ነውር ነው፣ ባለቅኔው ደግሞ የቆየ ነገር ቢያመጣ ነውር ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ እንዴት እንዳልተጣሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወደ ነገሬ ልመለስ።

አቶ ይልማ ቅጂውን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ይሄ ነው! ብቻዬን አለ! ሰማሽ? ብቻዬን!» «ብቻዬን» የሚለው ቃል ደስ ስላሰኛቸው ከእሱ በፊት ያለውን ቃል የሰሙት አልመሰለኝም። በእሳቸው ትእዛዝ ቴክኒሻኑ ያቺን ቦታ ብቻ ቀንጭቦ፣ ከሥሯ የክራር ዜማ አስገብቶ ማስታወቂያ አደረጋት። ሳምንቱን ሙሉ በየሰዓቱ ተሰማች፦ «ብልባላ መንገድ ላይ... ሙሉውን እዚያው ዘረፍሁት። ብቻዬን!»

እሑድ ረፋዱ ላይ እትዬ ዘምዘም ደወሉልኝ። «ትርንጎ፣ ያ እንግዳሽ ዘራፊ ነው አሉ። አሰፋ እዚህ እየበላ ራዲዮኑን ሰማና እህሉን ጥሎ ተነሣ። እህል ጥሎ የተነሣ ሰው ደግ አያመጣም። እወቂበት።»

አቶ አሰፋ ጋሸና ላይ ጋራዥ የነበራቸው ሰው ናቸው። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ጋራዣቸው ተዘርፏል። ብየዳ ማሽኑ፣ ሞተሩ፣ የብሎን መፍቻ ቺያቬው ሁሉ፣ የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር ሄዷል። ከዚያ ወዲህ በሰው ጋራዥ እየሠሩ ይኖራሉ። እትዬ ዘምዘም ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እኔ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነበር። ማን ምን ዘረፈ? ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማስታወቂያውን በአእምሮዬ ደግሜ ሰማሁት። ያኔ ነው አቶ አሰፋ የሰሙት ሌብነትን እንደሆነ የገባኝ።

አቶ አሰፋ የተዘረፈው ንብረቴ ደጀኔ ዘንድ ነው ብለው ለፖሊስ አመልክተው ኖሯል፤ ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ መውቂያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። አቶ አሰፋ እሱን እየዞሩ ያያሉ። ደጀኔ አግዳሚ ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«እቴ ትርንጎ፣ ምን ብዬ ነው የተናገርሁ?» አለኝ።

«ዘረፍሁት ብለሃል።»

«አዎ፣ ዘረፍሁት።»

ሳጅኑ ከጠረጴዛው ኋላ እጁን አወናጨፈ። «ይኸው ደገመው! ቃሉን ስቀበልም እንዲሁ ነው ያለኝ። ያመነ ሰው ነው፣ ምን ልታወሪ መጣሽ?» ሳጅኑ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ላስረዳው ሞከርኩ። ቅኔ፣ ወይራ፣ አህያ እያልኩ ብዙ ተናገርኩ፤ በተናገርኩ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ ሳጅኑን ብሆን አላምነኝም ነበር።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ብልባላ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ሰዎቹ መውቂያውን እየጠበቁ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የደጀኔ ስም ነው። ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት። ሌባ የሚል ስም አንዴ ከወጣ፣ ባለስሙ ቤተ ክርስቲያን ከመድረሱ በፊት ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። ብየዳ ቤቱ ባዶውን መዋል ጀምሯል፤ በር ሊያሠሩ ብረት ያስቀመጡ ሰዎች መጥተው ብረታቸውን ወስደዋል። ሚስቱ «ቧንቧው ዘንድ ስደርስ ወሬው ይቆማል» ብላ አልቅሳብኛለች። አቶ አሰፋ ክስ ከመሠረቱ ባልና ሚስቱ ለብዙ ወራት እንዲህ ሊኖሩ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌዎች ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ተሰበሰቡ። እኔ ሙሉውን ቅጂ ይዤ መጣሁ። ደጀኔን ቅኔ ያስተማሩት የኔታም በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ መጡ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ተቀበላቸው። ቅጂውን ከፈትኩት። «ዘረፍሁት» የሚለው ቦታ ሲደርስ አቶ አሰፋ ቆመው «ይኸው! በጆሯችሁ ሰማችሁ!» አሉ።

የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ይህ ሰው እኔ ዘንድ ሲማር ሰነፍ ነበር» አሉ። «ይቅር ይበለኝ እንጂ እውነት ነው። ሌሎቹ ሲዘርፉ እሱ ቅጠል ይበጥሳል። አሁን ዘረፈ ቢሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁ።»

ሳጅኑ ከመዝገቡ ቀና አለ። «የኔታ፣ ዘረፈ ሲባል ደስ አለዎት?»

«አዎን። በእኛ ቤት የሚያፍረው ያልዘረፈ ነው። ከራሱ አዲስ ያመጣ ሁሉ ዘረፈ ይባላል።»

«የሰው የወሰደውስ ምን ይባላል?»

«እሱማ ሌባ ነው» አሉ የኔታ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሳጅኑ አልሳቀም፣ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ቅጂውን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ አቶ አሰፋ እንደገና ቆሙ።

«ይሁን። ቃሉ የቅኔ ይሁን። ሞተሩስ? ሞተሩም ቅኔ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ደጀኔ «ሞተሩን ከቁራሌው ነው የገዛሁት፣ ከአሮጌ ብረት ጋር» አለ። «ቁራሌው ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁም።»

አቶ አሰፋ ድምፃቸው ቀነሰ። «የኔ ሞተር አንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከማራገቢያው ክዳን ሥር ከዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ ቆርጬ አስገብቼበታለሁ፤ ቢጫ ናት። ካለች የኔ ነው። ከሌለች ይህን ሰው እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄ እሄዳለሁ።»

ካቻቪቴ መጣ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲፈቱ እኔ ጠጋ ብዬ ቆምኩ። አትኑር፣ አትኑር እያልኩ ጸለይኩ። ክዳኑ ተነሣ። ቢጫዋ ቆርቆሮ እዚያው ነበረች።

ምን እንደማስብ አላወቅኩም። ደጀኔ ሌባ አይደለም። ሞተሩ ግን የሰው ነው። ሁለቱም እውነት በአንድ ግቢ ቆመው እርስ በርስ የሚተያዩ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት ያያሉ፤ የኔታ ጭምር።

ደጀኔ ተነሣ። ቺያቬ ለምኖ ተቀበለና ሞተሩን ከመውቂያው መፍታት ጀመረ። አራቱን ብሎን አውጥቶ፣ ቺንጋውን አውልቆ፣ ሞተሩን በሁለት እጁ አቅፎ አቶ አሰፋ እግር ሥር አኖረው። «አያ አሰፋ፣ አላወቅሁም። ይውሰዱት» አለ።

አቶ አሰፋ ሞተሩን አላነሡትም። «እኔ ሌባ ይዣለሁ ብዬ ነበር የመጣሁ» አሉ። «የዚያን ጊዜ ንዴቴን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ልጥለው ይዤ ነበር የመጣሁ። አሁን ንዴቴን የት ልውሰደው?» ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ።

ቆይተው ፊታቸውን ገለጡና ሞተር የሌለውን መውቂያ አዩት። ጋራዥ የኖረ ሰው ናቸውና ዓይናቸው አላርፍ አለ። «ይቺ ፑሌጃ ለምን እንዲህ ትልቅ ሆነች?» አሉ።

«ሞተሩ ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ትልቅ ካልሆነች ከበሮው እህሉን ይሰባብረዋል።»

«አሁን ሞተር የለህማ! ታናሽ አድርጋት። በዚህ በኩል ትልቅ ጎማ ስጣት፤ በእግር እየተረገጠች ትዞራለች።»

ደጀኔ ቁጢጥ አለ። «የብስክሌት ቸርኬ?»

«ቸርኬው ቀላል ነው፣ ጉልበት አይዝም። ዳሩ ላይ ብረት ጨምርበት።»

«ብረት ከጨመርሁ አህያዋ ታዘነብላለች።»

«ማን?»

«አህያዋ።»

«አህያ ከዚህ ምን አገባት?» አሉ አቶ አሰፋ፤ እውነትም ግራ ገብቷቸው። ደጀኔ ስለ ሁለቱ እኩል ወገን ነገራቸው። አቶ አሰፋ ሰምተው ሲያበቁ እሳቸውም ቁጢጥ አሉ። መሬት ላይ በብሎን መሣል ጀመሩ። አንዱ የሣለውን ሌላው ያጠፋል፣ ደግሞ ይሥላል፣ ይቆጣሉ፣ ዝም ይላሉ። ያኔ ነው ማይኩን የከፈትኩት። ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ሳጅኑ መዝገቡን ይዞ ከበላያቸው ቆመ። «ነገሩ አልቋል ወይስ አላለቀም? ምን ብዬ ልዝጋው?» አለ። ሁለቱም ቀና አላሉም። የኔታ «የዘረፉትን ሳይጨርሱ አይነሡም፤ ተወው» አሉት። ሳጅኑ ወደ እኔ ዞሮ «የትኛውን ዘረፋ?» አለኝ።

አቶ አሰፋ ሞተራቸውን በሚኒባስ አናት ላይ አስጭነው ጋሸና ወሰዱ። መውሰድም ነበረባቸው፤ በእሱ ነው እንደገና በራሳቸው ስም ጋራዥ የከፈቱት። ደጀኔም ስሙ ነጽቶ ወደ ብየዳ ቤቱ ተመለሰ፤ ብረታቸውን የወሰዱትም ሰዎች አንድ በአንድ፣ እንደ አዲስ ደንበኛ ሰላም እያሉ መልሰው አመጡት። መውቂያው በእግር የሚረገጥ ሆነ። ብልባላ ሲጫን አብሬ ሄድኩ። አህያዋ ዳገቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታዘነብል ወጣችው። ሁሉም ነገር አማረ ማለቴ ግን አይደለም፤ ከሞተሩ ይዘገያል፣ የሚረግጠውም ሰው ጭኑን እየያዘ ነው የሚወርድ። እያጉረመረሙም ቢሆን ገብሱ ሳይበላሽ ገባ።

አውድማው ዳር ቆመን ደጀኔን «ይሄንንስ ዘረፍኸው?» አልኩት። አሁንስ ተምሬያለሁ ብዬ ነው።

ትንሽ አሰበና «አይ» አለኝ። «ይሄንን አልዘረፍሁትም። ይሄ ሞተሬ ሲሄድብኝ ጊዜ ተቸግሬ ያመጣሁት ነው። ዘረፋ የምልሽ ያኛው፣ የወይራው ሥር ነው።» እኔ ደግሞ ይበልጥ አዲስ የመሰለኝ ይሄኛው ነበር። እንደገና ግራ ገባኝ።

የግቢው ጭውውት በፕሮግራማችን ተላለፈ። አቶ ይልማ አዳምጠው ሲያበቁ «ታዲያ ያመነጨው ማነው?» አሉኝ።

«የአህያዋ ነገር የደጀኔ ነው። የእግሩ ነገር የአቶ አሰፋ ነው። ግን ሞተሩ ባይነሣ የእግሩን ማንም አያስበውም ነበር። ሞተሩ የተነሣው ደግሞ በማስታወቂያው ምክንያት ነው። ማስታወቂያውን የመረጡት እርስዎ ነዎት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ።

«አላወቅኩም፣ አቶ ይልማ።»

ሰዓቱን ለሙዚቃ አልሰጡትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አናግሬያለሁ፤ ዛሬ የፕሮግራሙ አዘጋጅ እኔ ነኝ፣ አዲስ ሪፖርተሮችንም አሠለጥናለሁ። አመንጪ ማለት ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አሁንም እንደ መጀመሪያው ቀን ራሴን እነቀንቃለሁ።

ብልባላዎች መውቂያውን «ዘረፋ» ብለው ሰየሙት። በመከር ወቅት «ዘረፋ የት ደረሰች? ነገ ዘረፋ እኛ ዘንድ ናት» ሲባባሉ የሰማ አንድ አዲስ ፖሊስ መሣሪያውን ይዞ ተነሥቶ እንደነበር አጫውተውኛል።

አቶ አሰፋ በየመከሩ ይደውሉልኛል። አንድ ጊዜ «ዘረፋ እንዴት ናት? ቸርኬዋ ያዘ?» ብለው ጠየቁኝ። ያ ቃል ጋራዣቸውን ያጡበት ቃል ነው። ከአፋቸው እንዲህ ቀሎ ሲወጣ ብሰማ ጊዜ ደነገጥኩና «አቶ አሰፋ፣ ቃሉ አይከብድዎትም?» አልኳቸው።

«ያኛውን አይደለም የምልሽ» አሉኝ፤ «ይሄኛውን ነው።»

ለአዲስ ሪፖርተሮች የማስተምረው ይህንኑ ነው። እንግዳችሁ አንድ ቃል ሲናገር፣ ቃሉ በእሱ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁት። የምታውቁት ቃል ቢመስላችሁም ጠይቁት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።